ያ አሮጌ መጋዝ ስንት ዓመቱ ነው? ከመሸጥዎም ከመግዛትዎም በፊት

ባለፈው ክረምት አንድ አንባቢያችን የሆኑ አባት ስልክ ደወሉልን። ልጃቸው በመታፔሌትነት ሥራ የምትተዳደር ናት። ትንከባከባቸው የነበሩት እናት ወደ ቤት አቮት ሲገቡ ቤተሰቡ ቤቱን ባዶ አደረገና የሟች ባለቤታቸውን የአናጢ ሣጥን «ውሰጂው፣ ለአባትሽ ይሆናል» ብሎ ሰጣት። ሣጥኑ ገና ደጃፍ ላይ እንዳለ «አልቴ ዛኽን! አልቴ ዛኽን!» እያለ በድምፅ ማጉያ የሚዞረው መኪና ደረሰ። ሰውየው ሣጥኑን ከፍቶ አየና ለሁሉም በአንድ ላይ 50 ሸቀል እሰጣለሁ አለ። አባታችን ግን በወጣትነታቸው በእንጨት ሥራ የኖሩ ናቸውና እጃቸው እሺ አላላቸውም። የጠየቁን ነገር አጭር ነው፤ «እነዚህ መጋዞች ስንት ዓመታቸው ነው? እየተታለልኩ ነው ወይስ ዝገት ታቅፌ ነው?»

ቤታቸው ሄደን አየን። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት መጋዞች ነበሩ። አንደኛው ትልቅና ሰፊ ነው፤ እጀታው ላይ ንስር የተሣለበት ብልጭ የሚል የነሐስ ማኅተም አለው። ሁለተኛው አጭር፣ ጀርባው በነሐስ የታቀፈ፣ ጠቁሮ የዛገ፣ እጀታው የተሰነጠቀ ነው። እኛም እንደ ማንኛውም ሰው ዓይናችን ቶሎ ወደ ንስሩ ሄደ። ተሳስተን ነበር። እንዴት እንደተሳሳትን ለመናገር ግን የመጋዝ ዕድሜ ከምን ከምን እንደሚነበብ አስቀድመን ማስረዳት አለብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ እዚህ አገር ምን አመጣው ለሚል፤ እንግሊዞች ከ1917 እስከ 1948 ድረስ ይህን አገር ሲገዙ የእንግሊዝ ዕቃ አብሯቸው ገብቷል። በ1930ዎቹም ከጀርመን የወጡ አይሁዶች በ1933 በተደረገው የዝውውር ስምምነት ምክንያት ከሀብታቸው የተወሰነውን በጀርመን ዕቃ መልክ ወደዚህ ማሻገር ችለው ነበር። ስለዚህ በያፎው ሹክ ሀፒሽፔሺምም ሆነ ባለቤቶቹ ያረጁበት ቤት ሲጸዳ አሮጌ መሶር ማግኘት የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ሻጭ ሁሉ «ይህ ከቱርክ ዘመን ነው» ማለቱ ነው። የቱርክ ዘመን ካበቃ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አብዛኛው በገበያ ላይ ያለው መጋዝ ደግሞ እንደዚያ አያረጅም።

አንድ ነገር ሳይረሳ እዚሁ እንናገር። መጋዙን እንዳገኙት አያጽዱት! ብዙ ሰው አሮጌ ብረት ሲያገኝ የመጀመሪያ ሐሳቡ በኤሌክትሪክ በሚዞር የሽቦ ብሩሽ ማንጻት ነው። በአሮጌ መጋዝ ብረት ላይ ግን የሠሪው ስምና ምልክት በአሲድ ተነክሮ በጣም በስሱ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ብሩሹ ሁለት ጊዜ ካለፈበት ዕድሜውንም ስሙንም ዋጋውንም ይዞት ይሄዳል። መጋዙን እጀታውን በቀኝዎ፣ ጥርሱን ወደ ታች አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ጽሑፍ ካለ ብዙውን ጊዜ ወደ እርስዎ በሚያየው ፊት፣ ከብረቱ መካከል አካባቢ ነው። ቦታውን በትንሽ ዘይት ያርሱትና በባትሪ ብርሃን ከጎን ያብሩበት። ቀጥ አድርገው ሲያበሩ የማይታየው ፊደል ብርሃኑ ሲጋደም ጥላ ያወጣል። ዓይንዎ ከደከመ የልጅ ልጅዎን ይጥሩ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ታጉላልዎት።

ከዚያ በኋላ በጣም ቀላሉን ነገር ይመልከቱ። እጀታው ፕላስቲክ ከሆነ የአያት ዕቃ አይደለም። የጥርሶቹ ጫፍ ከቀረው ብረት ተለይቶ ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነም እንዲሁ። ይህ ጥርስ በፋብሪካ በድንገተኛ ሙቀት የጠነከረ ነው፤ ሞረድ አይበላውም፣ ሲደነዝዝ ይጣላል። የጥንት መጋዝ ጥርስ ግን ሁልጊዜ በሞረድ ይሳላል። ይህን ለማወቅ ዋጋ እንኳ መጠየቅ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። የመጋዝ ዕድሜ ከሁሉ ይልቅ የሚነበበው እጀታውን ከብረቱ ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖችና ዳዶዎች ነው። እጀታ ይታደሳል፣ ጥርስ ይሞረዳል፣ ብረቱ በስለት ብዛት ይጠባል፤ ዳዶውን ግን የሚነካው ጥቂት ሰው ነው። በጥንታዊው የእንግሊዝ መጋዝ ላይ ዳዶው ነሐስ ሆኖ ጠፍጣፋ ነው። ከእንጨቱ ጋር እኩል ተስተካክሎ ስለሚገባ እጅዎን ሲያሳልፉበት ጉብታ አይሰማዎትም። መካከሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ስንጥቅ አለው፤ ለመፍታት ጫፉ ሹካ የመሰለ ልዩ ካቻቢቴ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ የተሰነጠቀ ጠፍጣፋ ዳዶ ያለው መጋዝ ባብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አሜሪካኖች ከ1870ዎቹ ጀምሮ ጉልላት ወዳለው ዳዶ ሲዞሩ እንግሊዞች ግን ልማዳቸውን ቶሎ አልተዉም፤ አንዳንዶቹ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአሮጌው ቀጥለዋል። ስለዚህ ዳዶው ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ ጥሩ ምስክር ግን ነው።

ብሎኑ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ካዩ ደግሞ ነገሩ ያበቃለታል። ባለ መስቀሉ ብሎን በአሜሪካ ወደ ገበያ የወጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። «የ1880 መጋዝ ነው» ያለዎት ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ ብሎኑ ተቀይሯል፣ ወይም ሌላ ነገር አለ። ዳዶ መቀየር የሚቻል መሆኑንም አይርሱ። ከእንጨቱ ቀዳዳ ጋር ልክ የማይገጥም ወይም ከጓደኞቹ ቀለሙ የሚለይ ብሎን ካለ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

ብዙ ጊዜ ከዳዶዎቹ አንዱ ትልቅ ሆኖ ሳንቲም ይመስላል፤ የሠሪው ማኅተም ያለው እሱ ላይ ነው። እዚህ ላይ ስለ አንድ ስም ሰፋ አድርገን እንናገር፣ ምክንያቱም ስለ አሮጌ መጋዝ ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው። ሄንሪ ዲስተን በ1819 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በ1833 ገና በ14 ዓመቱ ከአባቱ ጋር ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፊላደልፊያ ከተማ ተሰደደ፤ በደረሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ አባቱ ሞቱበት። ልጁ መጋዝ ሠሪ ዘንድ ገብቶ ሙያውን ተማረና በ1840 የራሱን ሥራ ከፈተ። በ1855 ብረቱን ከእንግሊዝ ከማስመጣት ይልቅ ራሱ ማቅለጥ ጀመረ። በ1878 ሲሞት ፋብሪካው በዓለም ትልቁ የመጋዝ ፋብሪካ ለመሆን እያመራ ነበር።

የዲስተን ማኅተም ለአንባቢ የተመቸ ነው፤ ቤተሰቡ እያደገ ሲሄድ ጽሑፉም አብሮ ተለውጧል። ከ1865 በፊት የሄንሪ ስም ብቻ ነው የሚጻፈው። በ1865 የበኩር ልጁ ሲገባ «ሄንሪ ዲስተንና ልጁ» ሆነ። በ1871 ሌላው ልጅ ሲጨመር «ዲስተንና ልጆቹ» ተባለ። በእንግሊዝኛው ይህን የሚለየው መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት «ኤስ» ፊደል ብቻ ናት! ያቺ ፊደል ከሌለች መጋዙ ከ1865 እስከ 1871 ባሉት ጥቂት ዓመታት የተሠራ ነው፤ ካለች ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሰብሳቢዎች አጉሊ መነጽር ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። ከ1917 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ልጆቹ ከማኅተሙ ወጥተው «ዲስተን» እና «ዩ ኤስ ኤ» የሚለው ቀረ። በ1955 ቤተሰቡ ድርጅቱን ሸጠው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በስሙ እንጂ በእጁ የእነሱ አይደለም።

የዲስተን መጋዝ ሁሉ ግን ውድ አይደለም። በጣም ብዙ ስለተሠራ ዛሬም በብዛት ይገኛል። ከሁሉ የታወቀው በ1874 የወጣው «ዲ 8» የሚባለው ነው፤ ጀርባው ቀጥ ከማለት ይልቅ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ነው። ቀላል እንዲሆን ተብሎ የተደረገውን ይህን ጉብጠት ሌሎች ፋብሪካዎችም ቀድተውታል። ስለዚህ ጀርባው የጎበጠ መጋዝ ከ1874 ወዲህ ነው ለማለት ይረዳል እንጂ ሠሪውን አያሳውቅም።

ወደ ንስሩ እንመለስ። በአባታችን ትልቅ መጋዝ ላይ በንስሩ ዙሪያ የተጻፈው «ዋራንትድ ሱፒሪየር» የሚል ነበር። «ምርጥነቱ የተረጋገጠ» እንደ ማለት ነው። ሲያነቡት የትልቅ ድርጅት ስም ይመስላል፤ ነገር ግን የማንም ስም አይደለም። ብዙ ፋብሪካዎች፣ ዲስተን ጭምር፣ ለሌላ ሱቅ የሚሸጡትንና ስማቸውን ሊያወጡበት ያልፈለጉትን መጋዝ በዚህ ማኅተም ያወጡ ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ እስከ 20ኛው ድረስ ለረጅም ጊዜ ስላገለገለ ሠሪውንም ዓመቱንም አይነግርም። የቀረውን ሌላው አካሉ ተናገረ። እጀታው ወፍራም፣ ጠርዙ ያልተጠረበ፣ ከሰሌዳ ተቆርጦ የወጣ የሚመስል ነበር። ብሎኑም ሦስት ብቻ ነው። ይህ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መልክ ነው።

እጀታን ለማንበብ የአናጢ ዓይን ያላችሁ ከእኛ ትሻላላችሁ። ድሮ እጀታ በእጅ እየተፋቀ ሲሠራ ጠርዙ ክብ፣ መያዣው ቀጭንና ለመዳፍ የተመቸ ነበር፤ ከታች በኩል ደግሞ እነሱ «የበግ ምላስ» የሚሉት ወጣ ያለ ቅርጽ አለው። እንጨቱ ባብዛኛው የፖም ዛፍ ወይም ቢች የሚባለው የአውሮፓ ዛፍ ነው። ማሽን ቦታውን እየያዘ ሲመጣ ቅርጹ እየደደረ፣ ቀዳዳው እየጠበበ፣ ምላሱ እየጠፋ ሄደ። በመጋዙ ጫፍ፣ በጀርባው በኩል፣ አንዳንዴ ጥፍር የምታክል ትንሽ ጉብታ ይታያል። ለምን እንደተሠራች እስከ ዛሬ የሚከራከሩባት ናት፤ ገመድ ማሰሪያ ናት የሚል አለ፣ ጌጥ ናት የሚልም አለ። እኛ ከጌጥ ወገን ነን። ጥቅሟ ግን ለእኛ ሌላ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ገደማ እየቀረች ስለሄደች መኖሯ የዕድሜ ምልክት ይሆናል።

አሁን ስለ ጽሑፍ። «ካስት ስቲል» የሚል በብረቱ ወይም በነሐሱ ጀርባ ላይ ተመትቶ ካገኙ ደስ ይበልዎት። ከመካከላችሁ ከወናፍ አጠገብ ያደጋችሁ፣ ብረት ግሎ ሲቀጠቀጥና በውኃ ሲጠነክር ያያችሁ አባቶች ነገሩን ወዲያው ትረዱታላችሁ። በ1740ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ከተማ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰው አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማቅለጥ ቻለ። ከዚያ በፊት ብረቱ አንዱ ቦታ ጠንካራ ሌላው ቦታ ለስላሳ እየሆነ ያስቸግር ነበር፤ የቀለጠው ግን ወጥ ሆነ። ሠሪዎች በዚህ ስለሚኮሩ ቃሉን በመጋዛቸው ላይ ይመቱ ነበር። አዲሱ አሠራር ሲተካው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቃሉም እየጠፋ መጣ።

የአገር ስምም ይረዳል። በ1887 እንግሊዝ፣ በ1890 ደግሞ አሜሪካ ከውጭ ስለሚገባ ዕቃ መለያ ሕግ አወጡ። ከዚያ ወዲህ «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» ብሎ መጻፍ ተለመደ። «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ባብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካለበት ከ1949 እስከ 1990 ባለው መካከል የተሠራ ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም እንዲህ ያለ አገር አልነበረም።

ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ግን ቁጥር ነው። በመጋዝ ላይ «1760» የሚል አይተው የ260 ዓመት ዕቃ ያገኙ የመሰላቸው አሉ። ስፒር ኤንድ ጃክሰን የተባለው የሸፊልድ ድርጅት 1760ን የተመሠረትኩበት ዓመት ነው ብሎ ዛሬም ፕላስቲክ እጀታ ባለው መጋዙ ላይ ያትመዋል። የተመሠረተበት ዓመት የመጋዙ የልደት ቀን አይደለም። የፈጠራ መብት የተሰጠበት ቀንም እንዲሁ፤ «ከዚህ ቀን በፊት አልተሠራሁም» ይላል እንጂ «በዚህ ቀን ተሠራሁ» አይልም። ከእጀታው አጠገብ በጥርሱ በኩል ብቻዋን የተመታች 7 ወይም 8 ወይም 10 ቁጥርም ዓመት አይደለችም። በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የጥርስ ጫፍ ብዛት ናት። ቁጥሯ ትንሽ ከሆነች እንጨትን በቁመቱ ለመሰንጠቅ፣ ከፍ ካለች አግድም ለመቁረጥ የተሠራ ነው።

ዓሣና መንጠቆ የተሣለበት መጋዝም አለ። የስዊድኑ ሳንድቪክ ምልክት ነበር፤ ከ1886 ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ስለዚህ ዓሣው ብቻውን ምንም አይናገርም፤ አብሮት ያለውን ስም ይዩ። «ባኮ» ከሚል ስም ጋር ከሆነ ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። በእንጨት ክፈፍ ላይ በገመድ ጠምዝዘው የሚወጥሩት ቀጭን መጋዝ ደግሞ የጀርመኖችና የሌሎች የአውሮፓ አናጢዎች ነው። ክፈፉን አናጢው ራሱ ስለሚሠራውና ብረቱ ስለሚለወጥ ዕድሜውን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በዕድሜው ብዛት ገንዘብ ከሚጠይቅዎት ሻጭ ይጠንቀቁ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ማርጀት ብቻውን ዋጋ አያመጣም። ጫፉን ይዘው በቀስታ ያጉብጡትና ይልቀቁት፤ ጥሩ ብረት ቀጥ ብሎ ይመለሳል። በጥርሱ መስመር በዓይንዎ አቅንተው ይዩ፣ የተጣመመ ከሆነ ለሥራ አይሆንም። ላዩን የቀላ ዝገት አያስፈራም፤ ብረቱን እንደ ፈንጣጣ የበሳው ዝገት ግን መድኃኒት የለውም። ገዢ የሚከፍለው ለሚነበብ ጽሑፍ፣ ላልተቀየረ እጀታና ላልጎደለ ዳዶ ነው።

ስለ ሕጉም ሁለት ቃል። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ጥንታዊ ዕቃ መሸጥ ክልክል አይደለም ወይ?» ይሉናል። የ1978ቱ የቅርሶች ሕግ በመሠረቱ የሚመለከተው ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራን ነገር ነው፤ የአናጢ ሣጥንዎ አይመለከተውም። በሌላ በኩል በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነጋዴ በዋና ጉዳይ ላይ ገዢን እንዳያሳስት ይከለክላል። ስለዚህ ባለ ሱቅ «የ1880 ነው» ካለዎት «እሺ፣ በቀባላው ላይ ይጻፉልኝ» ይበሉት። እውነቱን የሚያውቅ ይጽፋል። «ያው አሮጌ ነው» ወደሚል ከተመለሰ ዋጋውንም ወደ አሮጌ ይመልስ።

የአባታችን አጭሩ መጋዝስ? እጅ ስናሳልፍበት ዳዶዎቹ ጠፍጣፋና መካከላቸው የተሰነጠቀ ሆነው ተገኙ። በነሐሱ ጀርባ ላይ ባትሪ ከጎን ስናበራ «ካስት ስቲል» እና «ሸፊልድ» የሚለው ብቅ አለ፤ የሠሪው ስም ግማሹ ተበልቷል። የአገር ስም የለበትም። እጀታው ቀጭን ነው፣ የበግ ምላሱም አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር ከ1850 እስከ 1890 ባለው መካከል የተሠራ ነው ብለን ገመትን፤ አንድ ዓመት ቆርጠን ብንናገር ግን እንደዚያ ሻጭ መሆናችን ነው። ከሁለቱ አሮጌው ጠቁሮ የተጣለው ነበር ማለት ነው።

አልቴ ዛኽኑ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። መጋዞቹ ወጥተው ለቀረው መዶሻ፣ ፒንሳና መላጊያ 40 ሸቀል ከፈለ። አባታችን አጭሩን መጋዝ በላምባ አርሰው፣ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጽሑፉን ሳይነኩ ቀስ እያሉ አነጹት። ስንጥቁን በሙጫ አያያዙት። አሁን የቸገራቸው ለእነዚያ ደቃቅ ጥርሶች የሚሆን ቀጭን ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ማግኘት ነው።